ከመንገዱ አትውጡ

ማኒቮን ካምፔትን የተዋወቀችው ቦምብ እየወለወለች ነው።

በላኦስ አገር፣ ፎንሳቫን ከተማ ውስጥ እሷና እናቷ በሚያስተዳድሯት ባለ አራት ክፍል ማረፊያ አንድ ፈረንጅ አድሮ ነበር። ሲወጣ፣ ጥንታዊ የድንጋይ ጋኖች ከሚጎበኙበት ሜዳ ያነሳትን ጭቃ የደረቀባት ክብ ነገር ለማስታወሻ ብሎ ሰጣት። የጥንት ሸክላ መስሎታል፤ እሷም እንደዚያው መስሏት በእርጥብ ጨርቅ ታሽ ጀመር። በዚህ መሃል ቀዝቃዛ ውኃ ሊገዛ የገባ ወጣት በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እህቴ፣» አላት ድምፁን ሳያነሳ፣ «ጨርቁንም እሷንም እዚያው ተዪና ወደ እኔ ነይ። ቀስ ብለሽ።»

ማኒቮን መጀመሪያ የለበሰውን የፈንጂ አምካኞች ልብስ፣ ቀጥሎ እጇ ሥር ያለውን አየች። ጭቃው በተነሳበት በኩል ዝገት ይታያል። አባቷን የገደለውን ዓይነት፣ ከድሮው ጦርነት የተረፈ ቦምብ ስታሻሽ እንደቆየች ያን ጊዜ ገባት። እየተራመደች ወጣች፤ መንገዱ ማዶ ስትደርስ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወጣቱም አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እንዲህ አድርገሽ የምታጸጂ ከሆነ፣ እኔም ክፍል እከራያለሁ» አላት።

ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች። ጓደኞቹ መጥተው ያቺን ነገር እስኪወስዷት ድረስ አብሯት ተቀመጠ። በዚያው ሳምንት ካምፔት እውነትም ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራየ።

ለእንግዶች ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ምክር እንጻፍ ያለው እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አገር የሚያይ ሰው ክፋት የለበትም፤ ካልነገሩት ግን ከምን ያውቃል ሲል ማኒቮንን አሳመናት። ከእራት በኋላ ፊት ለፊት እየተቀመጡ ጻፉ። እንግዶች የሚሳሳቱትን ሁሉ እሷ ታውቃለች። ቤት ስትገቡ ጫማችሁን አውልቁ። የሕፃንም ቢሆን የሰው ራስ አትንኩ። ሴት ለመነኩሴ እጅ በእጅ ምንም አትስጥ። ገበያ ስትወጡ የአገሩን ገንዘብ፣ ኪፕ፣ በዝርዝር ያዙ፤ ባለጉሊቷ መልስ የላትም። አውቶቡሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ሰዓታችሁን እያያችሁ አትቆጡ። እዚህ ደጋ ነው፤ ሹራብ ያዙ።

እሱ የጨመረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ነጭ ምልክት ካለበት መንገድ አትውጡ፤ መሬት ላይ ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ። ይህ መጀመሪያ ይሁን አላት። እሷ ደግሞ ገና ከደጅ ካስፈራናቸው ማን ያድርልናል ብላ መጨረሻ ላይ አደረገችው። አልተከራከራትም።

እንደ አገሩ ደንብ በዕድሜ ስለሚበልጣት «አያ» እያለች ትጠራዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ ድምጿ ሌላ ሆነባት። እሱም ቀና ብሎ አያት። ሁለቱም ጽሑፉን ረሱት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቷ ቡንማ የቀርከሃ ቡቃያ ስትልጥ፣ ካምፔት ድንገት ጆሮውን ወደ ጓሮ ጣለ።

«ማን ነው በዚህ ፀሐይ የሚቆፍረው?» አለ።

የቡንማ ቢላዋ ቆመ። ማኒቮን ወደ አጥሩ ዞረች። ከጓሯቸው ጀርባ ያለው እርሻ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው አልረገጠውም። አባቷ ካሳቫ ሊተክል ሲቆፍር ዶማው ቦምቡን የመታው እንዲህ ባለ ሰዓት ነበር። ያ የዶማ ድምፅ በየጊዜው ይሰማታል፤ ለማንም ተናግራ ግን አታውቅም። ካምፔት ደግሞ የደቡብ ሰው ነው፤ ታሪኩን የነገረው የለም።

«አባቷ ነው» አለች ቡንማ፤ ቢላዋዋን እንደገና አነሳች።

በማግስቱ ካምፔት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና እሱና የሥራ ጓደኞቹ መሬቱን ከፈንጂ እንዲያጸዱት ቡንማን ፈቃድ ጠየቃት። የመሬቱ ባለቤት ካልፈቀደች አይገቡም። ቡንማ ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የመለሰችለት።

«ብረቱን ስታወጣ የባሌንም ነፍስ ታወጣብኛለህ። ልጄንም እንደምትወዳት አውቃለሁ፤ ዓይን አለኝ። ግን ባሌን የበላውን ነገር እያሳደደ የሚኖር ሰው አማቼ አይሆንም።»

በዚያ ሳምንት ማኒቮን ካምፔትን ለመነችው። ሥራውን ይተው፤ ሚኒባስ ይንዳ፤ ሰው በሚኒባስም ይኖራል። እሱ ግን፣ «እኔ ብተወውስ መሬቱ ይተወናል ወይ?» አላት። ከዚያ በኋላ እራቱን ክፍሉ ውስጥ መብላት ጀመረ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሲያስል ትሰማዋለች፤ ለጆሮ ያን ያህል ቅርብ ሆኖ ለእጅ ሩቅ መሆኑ አንገበገባት።

ነገሩን የለወጠው አንድ ወጣት እንግዳ ነው። ከጓሮው አጥር ማዶ ያሉትን ነጫጭ አበቦች ፎቶ ሊያነሳ ተሻግሮ ገባ። ማኒቮን ስታየው ከእርሻው መሃል ደርሷል። ባለህበት ቁም ብላ ጮኸች፤ እሱ ሰላምታ መስሎት እጁን አወዛወዘ። እናቷ አጥሩን ይዛ ቆመች።

ካምፔት በባዶ እግሩ ከክፍሉ ወጣ። ልጁን በእጁ ምልክት አስቆመውና፣ ሣሩ የተኛበትን የልጁን ዱካ እየተከተለ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እያየ ገባ። ከዚያ የራሱን ዱካ እያስረገጠ መልሶ አወጣው። ሰባት ደቂቃ ቢሆን ነው። ማኒቮን በዚያ ሰባት ደቂቃ ውስጥ ከዶማው ድምፅ በቀር የሰማችው ነገር አልነበረም።

ልጁ ሲወጣ ገርጥቶ ነበር። ወረቀቱን አላነበብህም ወይ ብትለው እስከ ሹራቡ ድረስ አንብቤያለሁ አላት። ካምፔት ይህን ሰምቷል፤ ግን ወደ እሷ አልዞረም፤ አንዲት የወቀሳ ቃልም አልተናገረም። ከወቀሳ ይልቅ ያ ነው የገደላት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ቀድዳ የመንገዱን ምክር በትልቁ ከላይ ጻፈች። ስታበቃም ክፍሉን አንኳኳች።

«አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው።

«እርሻው ውስጥ እግሬ ሲነሳ» አለ ካምፔት፣ «የማስበው ስለ ፈንጂው አልነበረም። እዚህ ብሞት አንቺም እንደ እናትሽ ጓሮ ተቀምጠሽ ታዳምጫለሽ እያልኩ ነበር።»

ቡንማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። መሬቱን የምታጸዱበትን የፈቃድ ወረቀት አምጣው አለችው። ሲያመጣው አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመችበት።

ሥራው ሃያ ሁለት ቀን ፈጀ። ዘጠኝ ቦምብ አወጡ። አንደኛዋ የተገኘችው ከጓሮው በር አሥር እርምጃ ላይ፣ ቡንማ ዘወትር ከምትቀመጥበት ፊት ለፊት ነው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ቡንማ የሐር ሽርጧን ለብሳ፣ ሩዝ በሙዳይ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ነጭ ክር ይዛ ብቻዋን ወደ እርሻው ገባች። ባሏ የወደቀበት ቦታ ስትደርስ ተቀመጠች። ከሩቅ አገር ለተመለሰ ሰው እንደሚወራው አወራችው፤ ልጃቸው ማደጓን፣ የቤቱ ጣሪያ መለወጡን፣ ጉልበቷ እየታመመ ማስቸገሩን። መጨረሻ ላይ ድምጿ እስከ አጥሩ ተሰማ።

«በል እንግዲህ ሂድ። መንገዱ ጸድቷል።»

ስትመለስ ካምፔትን እጅህን አምጣ አለችው፤ ነፍሱ ከገላው እንዳትርቅ ነጩን ክር አንጓው ላይ አሰረችለት።

«ያልጸዳ ስንት እርሻ ቀርቷችኋል?» አለችው።

«የእኛ ዕድሜ አይበቃውም፣ እማማ።»

ቡንማ የክሩን ጫፍ አጥብቃ ቋጠረች። «እንግዲያው በየቀኑ እራት ሳይቀርብ ቤትህ ግባ። እኔ ደጅ ደጁን ማየት ታክቶኛል።»

ማኒቮን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ደስታዋን እናቷ ፊት ማሳየት አሳፈራት።

ሩዙ ከታጨደ በኋላ ተጋቡ። እርሻው ላይ ዛሬ ካሳቫ በቅሏል። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከኮረብታው ማዶ አንዳንዴ ድም ይላል፤ የቀኑን ግኝት ሲያፈነዱ ነው። እንግዶች ይደነግጣሉ። ማኒቮን ፈገግ ብላ፣ አይዟችሁ፣ ባለቤቴ ነው፣ ሥራውን መጨረሱ ነው ትላቸዋለች። እነሱ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ። እሷ ግን የካምፔት ሞተር ብስክሌት ድምፅ ከመታጠፊያው እስኪመጣ ድረስ፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ እንዳኖረች፣ ሳትቀመጥ ትቆያለች።