በረዶውን ማን ይይዝልኛል?

አሁን ጉንጬ ጎድጉዷል። መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ታዲያ እንደ ዳቦ የተነፋበት ያ ሳምንት ይናፍቀኛል።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ። መጨረሻ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርሴ ተጋድሞ ወጥቶ እንቅልፍ ስለነሳኝ ሐኪሙ ድዴን ቀዶ አወጣው። ወንድሜ ሥራ ስለያዘው ከክሊኒክ እንዲያመጣኝ ጓደኛውን፣ ኤሌክትሪሻኑን፣ ላከው። ይህ ልጅ ቤታችን ሲመላለስ ዓመት አልፎታል። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ ስለሌለኝ ግን ከሰላምታ በቀር የሚናገርበት ፋታ አግኝቶ አያውቅም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክራ ጠበቀችን። እሱ አቀርቅሮ፣ «እማማ፣ ሐኪሙ ሁለቱን ቀን በረዶ ብቻ ነው ያለው። ሙቁ ከዚያ በኋላ ነው፤ አሁን ከሆነ እብጠቱ ይብሳል» አላት። ቅር እያላት ሾርባ ልታበርድልኝ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ራሴን በትራስ ከፍ አድርጎ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጉንጬ ላይ ያዘው። ጥቂት ያቆይና ያነሳዋል፤ ደግሞ ይመልሰዋል። ፋሻ ስለነከስኩ መናገር አልችልም። ዝም ስል ነው ዓይኖቹን ያየኋቸው።

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለኝ። «ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። እወድሻለሁ። ዛሬ እንኳን ሰማሽኝ፤ እሱ ይበቃኛል።»

እናቴ ሾርባውን ይዛ ገባች። እሱም ተሰናብቶን ወጣ። አለቀስኩ፤ ማልቀሱ ራሱ ስፌቱን ጠዘጠዘኝ።

ጠዋት እብጠቱ ብሶ ዓይኔ ሥር ደርሷል። በዚያ ፊት ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም ነበር። እሱ ከሚሄድብኝ ግን ሰው ሁሉ ቢስቅብኝ ይሻለኛል። ሻርፕ ተከናንቤ፣ በረዶዬን በጨርቅ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሲያየኝ ደነገጠ፤ ለምን ከአልጋ ተነሳሽ ብሎ ተቆጣኝ።

 በረዶውን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁለት።

«ገና አንድ ቀን ይቀረዋል» አልኩት፣ እየተኮላተፍኩ። «ማን ይይዝልኛል?»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። ከረዳቱ ጋር ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብቻ ሲወርድ አየሁት። ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ስለነበር ያለ ባለቤቱ ብቻውን ሄደ።