ማርጀሪ ላይ አባቴን የጠበቁት

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የሆነ ነው። የማያምነኝን ሰው አልቀየመውም። ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው እኔም አላምንም ነበር።

ወሩ መስከረም ነው። ነገሩ የጀመረው ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው። በቀን ብርሃን ማለት ነው እንጂ በጨለማ አይደለም።

ቦታው ኒውፋውንድላንድ የምትባለው ደሴት፣ ደቡባዊ ዳርቻዋ ላይ ያለች ማርጀሪ የምትባል ሰው አልባ መንደር።

ስሜ ፊሎሜና ነው። አባቴ አምብሮዝ ይባል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ "ይህን ባሕር ሁሌም ከጀልባ ላይ ነው ያየሁት፣ አሁን ደግሞ በእግሬ እየሄድኩ ልየው" አለ።

ልቡ ደካማ ነበር። ሐኪሙ እንዳትሞክረው አለው። አባቴ "እሺ" ብሎ ወጣና በዚያው ቀን የጀርባ ቦርሳ ገዛ።

ብቻውን እንዴት ልልቀቀው? ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ወጣሁ።

ከሰኔ ጀምሮ ድንኳናችንን ተሸክመን በባሕሩ ዳር ተጓዝን። ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ዓሣ ነባሪዎች ውሃ ወደ ላይ ሲተፉ እናያለን። የዱር ፍሬ እየለቀምን እንበላለን። አፋችን ሰማያዊ ይሆንና እርስ በርሳችን እንሳሳቃለን። አባቴን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ግን ዝም እያለ መጣ።

ወደ ማርጀሪ እየቀረብን ነበር። የተወለደው እዚያ ነው። ልጅ ሳለ መንግሥት "ለእናንተ ለጥቂቶቹ ብለን መንገድና ሐኪም አናመጣም" ብሎ ሰዉን አስነሣው። ሰዎቹ ቤቶቻቸውን ከመሠረቱ ነቅለው፣ በውሃ ላይ በጀልባ እየጎተቱ ሄዱ።

መቃብሩን ግን መጎተት አይቻልም።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ሊዮ እዚያ ነው የተቀበረው። ገና ፊደል ሳይቆጥር ሳንባ ምች ወሰደው። አያቴ እስክትሞት ድረስ፣ ምግብ ስታቀርብም፣ ልብስ ስታጥብም፣ ሳታስበው ከአፏ የሚወጣ አንድ ቃል ነበራት...

"ልጄን ብቻውን ትቼው መጣሁ።"

ከማርጀሪ በፊት ሰው ያለባት የመጨረሻዋ መንደር ውስጥ ሎሬታ የሚሏቸው አሮጊት አሳደሩን። ጨው የገባው ዓሣና ድንች አቀረቡልን።

"አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ እግርህ ነው ማርጀሪ የምትደርሰው?" አሉት አባቴን። "በዚያ መንገድ ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትሄደው።"

"ፍየሏ እንደዚች ያለች ልጅ የላትማ" አለ አባቴ። "እኔ ብቆም እንኳ ይቺ ጎትታ ታደርሰኛለች።"

ሳቁ። በማግስቱ ስንወጣ ግን አሮጊቷ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። አይስቁም።

"ስትደርሱ ሰላም በያቸው።"

"እነማንን? እዚያ ሰው የለም እኮ፣ እትዬ ሎሬታ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አሉኝ። "ብቻ አንቺ ሰላም በያቸው።"

መንገዱን ከዓመታት ወዲህ ሰው አልረገጠውም ብለውን ነበር። ቁጥቋጦው ልብሳችንን ይቦጫጭቃል ብዬ ፈርቻለሁ።

አልነካንም።

የጥዱ ቅርንጫፍ ግራና ቀኙ ተቆርጧል። የተቆረጠው ቦታ ገና ነጭ ነው። ሙጫው ይንጠባጠባል።

"አዳኞች አልፈው ይሆናል" አልኩ።

አባቴ የተቆረጠውን በጣቱ ዳሰሰ። እርምጃው ፈጠነ። ወራቱን ሙሉ እኔ ነበርኩ የምጠብቀው... ያን ቀን ግን ልደርስበት አልቻልኩም።

መንደሯ ውስጥ ስንገባ ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ መጣ። ከዚያ በፊት ያየሁት ሣር የወረሰው ሜዳና የቤት መሠረት የነበሩ ድንጋዮችን ነው። ሌላ ምንም የለም። አንድ ግድግዳ እንኳ አልቆመም።

ከዚያ ሸተተኝ።

ዳቦ... ከምድጃ አሁን የወጣ ትኩስ ዳቦ።

"አባዬ... ይሸትሃል?"

"ዝም በይ።"

"ከየት ነው?"

"ቀስ በይ... ስሚ።"

ሰማሁ። ከጉሙ ውስጥ፣ ከፊት ለፊታችን፣ በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

ተዘጋ።

በር የሌለበት ሜዳ ላይ።

አሮጊቷ ያሉኝ ትዝ አለኝና እንደ ሞኝ "ሰላም" አልኩ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማኝ ድምፅ። መልስ የሰጠኝ የለም። ግን ከጀርባዬ ሰው አየት ያደረገኝ መሰለኝ... ልጅ ወደ ቤት ሲገባ እናቱ ቀና ብላ እንደምታየው ዓይነት።

አባቴ ወደ መቃብሩ ሄደ። ጉሙ እያለ፣ መንገድ ሳይጠፋው።

የመቃብር ድንጋዮቹ ዘምመዋል። የድንጋይ ሽበት ውጧቸዋል፣ የማንም ስም አይነበብም። አጥሩ ሥር ያለው ትንሹ ግን...

ነጭ ነው። ታጥቧል። ዙሪያው ያለው ሣር ታጭዷል። ሊዮ የሚለው ስም ትናንት የተቀረጸ ይመስል ይነበባል።

አባቴ ተንበረከከ። ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አደረገ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

"ብቻውን አልነበረም፣ ሜና" አለኝ። "እማዬ በከንቱ ነው ስትነድ የኖረችው።"

ፈራሁ። ከድንጋዩ ይልቅ የፈራሁት የአባቴን ፊት ነው። ቤቱ የደረሰ ሰው ፊት ነበር።

ይዘነው በነበረው የሳተላይት ስልክ ጊልበርት የሚባለውን ጀልበኛ ጠራሁት። ጉሙ ከገፈፈ ጠዋት እመጣለሁ አለኝ።

"ነገ እንሄዳለን" አልኩት አባቴን ድንኳኑን ስተክል። "ክኒንህ ሊያልቅ ነው።"

"አንቺ ሂጂ።"

"አባዬ፣ እንደዚህ አትበለኝ።"

"እሺ... እሺ። አልልሽም።"

እራት አልበላም። ጠግቤያለሁ አለኝ። ምን በልተህ ነው ልለው ፈለግኩና ተውኩት።

ልንተኛ ስንል እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ። "ጎሽ ልጄ" አለ። "አደረስሽኝ።"

ጉዞውን ማለቱ መስሎኝ ነበር።

ስነቃ ነግቷል። ጉሙ ገፍፏል። ከአጠገቤ ያለው መኝታ ባዶ ነው። የድንኳኑ ዚፕ ከውጭ ተዘግቷል፣ ብርድ እንዳይገባብኝ።

ብዙ አልፈለግኩትም። በአንዱ ቤት መሠረት ላይ፣ ደጃፉ በነበረበት በኩል፣ ድንጋይ ተደግፎ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ተቀምጧል።

ጠራሁት።

እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር።

ምን ያህል አጠገቡ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ አላስተዋልኩም። ፊቱን ልስመው ጎንበስ ስል ነው።

ጉንጩ ለስላሳ ነው።

ከሰኔ ጀምሮ አባቴ ጢሙን ተላጭቶ አያውቅም። አገጩን አልፎ አንገቱን ሸፍኖት ነበር። ከእኛ ዘንድ ምላጭ የሚባል ነገር የለም።

ጥርት ተደርጎ ተላጭቷል። ፀጉሩ በውሃ ረጥቦ፣ እናት ልጇን እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወስድ እንደምታበጥረው፣ በጎን ተከፍሎ ተበጥሯል። ከጆሮው ጀርባ ሳሙና ይሸታል።

ጊልበርት ደረሰ። ከጀልባው ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ መጣና አባቴን አየው። ኮፍያውን አወለቀ።

"አንቺ ነሽ የላጨሽው?"

"አይደለሁም።"

 ሜዳውን በዓይኑ ዞረው።

"እንግዲያው አመስግኚያቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ከዚያ እንሂድ።"

አመሰገንኳቸው። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ሐኪሞቹ በኋላ ልቡ ነው አሉ፤ ጀልባው ሲደርስ ከሞተ ብዙ ሰዓት አልፎታል አሉ። ይሁን። ስለ ጢሙ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይህን ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ለጊልበርት እንኳ አልነገርኩትም።

ጀልባው ላይ የአባቴን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ሞገዱ ሲንጠን አገጩ ቀና አለ። ከመንጋጭላው ሥር፣ ምላጭ የሳተችበት ቦታ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጋዜጣ ተለጥፋለች። ወንዶች ሲላጩ ሲቆርጣቸው ደሙን ለማቆም እንደሚያደርጉት።

ወረቀቷ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆናለች።

በጣቴ ቀስ አድርጌ አነሣኋት...

ከሥሯ ደም ፈለቀ። ቀይ። ትኩስ።

ጊልበርት ጀርባውን ሰጥቶ መሪውን ይዟል። መንደሯ ከኋላችን እየራቀች ነው።

ወረቀቷን ወደ ቦታዋ መልሼ፣ ደሙ እስኪቆም በአውራ ጣቴ ያዝኩለት።