ነብሩ የሠራው ገጽ

ሁለት መቶኛው ስልክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ፍሬሕይወት ከተቀመጠችበት የባጃጅ ጎማ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሁለት መቶ ሦስት። ሁለት መቶ ዘጠኝ። ቁጥሮቹ ማቆሚያ አጡ። የአባቷ ጋራዥ ጓዳ ውስጥ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን በሹክሹክታ ትስቅ ጀመር።

ገጹን የሠራችው እሷ ናት። ሦስት ቀን ከትምህርት መልስ ለፍታበታለች። «የሰሜን ወሎ ምርጥ ከተማ ማን ናት? መርሳ ወይስ ወልዲያ?» ይላል፤ ለመምረጥ ስልክ ቁጥር መሙላት ብቻ ነው። የመርሳ ሰው በወልዲያ ተበልጦ እንደማይተኛ ታውቃለች። ስለዚህ ማንም ገብቶ ቢያይ ወልዲያ ሁልጊዜ በሁለት ድምፅ እየመራች እንድትታይ አደረገች። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሥራ ከተማው ሠራላት። መናኸሪያ ያሉት ማንጎ ሻጮች ያልመረጠ ተሳፋሪ አንሸጥም ማለታቸውን ሰማች። አባቷ አዳነ እንኳ ግሪስ በነካው ጣቱ ስልኩን እየጎረጎረ ብቅ ብሎ፣ መርጣ እንደሆነ ጠይቋታል።

«በሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚመሩን፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ተቆጥቶ ሄደ።

ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ስሟ «ነብሩ» ነው። ስልሳ አባላት አሉ፤ የሰው አካውንት ሰብሮ መግባት የሚማማሩ፣ ማንም ፊታቸውን አይቶ የማያውቅ ወንዶች። እሷንም አንተ ይሏታል። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ማውሱን ከእጇ ነጥቀው ደብተር ያስይዟታል። እዚህ ግን ማንም ምንም ነጥቋት አያውቅም። በሴቶች ሲቀልዱ አብራ ስቃለች፤ ዋጋው እሱ ከሆነ ርካሽ ነው ብላ።

የግሩፑ አለቃ «ሻለቃ» ጻፈ።

«ነብሩ፣ አንተ ወንድ ነህ። ዝርዝሩን ላክልኝ፤ ዛሬውኑ አድሚን አደርግሃለሁ።»

ልቧ ዘለለ። ዕቅዱን ታውቀዋለች፤ ሻለቃ ለእያንዳንዱ ቁጥር የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ያስልካል፣ ሰዉ የድምፁ ማረጋገጫ መስሎት ኮዱን ገጹ ላይ ሲሞላ አካውንቱ በሻለቃ እጅ ይገባል። ለአንድ ቀን ይቀልዱበትና ይመልሳሉ ተብሏል። ማመን ስለፈለገች አምናለች።

ሌላ መልእክት ተከተለ። «ሴቶቹን ለይተህ አስቀድም። ፎቶ ያላቸውን። እነሱ ሲያለቅሱ ነው ግሩፑ የሚሞቀው።»

ፍሬሕይወት ዝርዝሩን ወደ ላይ ሳበችው። ሠላሳ አንደኛው ቁጥር ላይ እጇ ቆመ፤ በቃሏ የምታውቀው ነው። የናጅዋ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ናጅዋ፣ እህቷ ስትዳር ፀጉሯን ገልጣ የተነሳችውን ፎቶ ለእሷ ብቻ ያሳየቻት፣ አሳይታም ቶሎ ስልኩን ደረቷ ላይ የለጠፈችው።

«ሴቶቹን ብንተዋቸውስ?» ብላ ጻፈች።

«ምነው፣ ቀሚስ ለበስክ እንዴ?» አለ ሻለቃ።

ጎንበስ ብላ የዩኒፎርም ጉርዷን አየች። ሳቋ መጣ። «አዎ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ሰማያዊ ነው» ብላ ላከች።

ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። ቀልድ መስሏቸዋል። እነሱ እየሳቁ ዝርዝሩን አጠፋችው፣ ከዚያ ገጹን። ሻለቃ ዝርዝሩ የት እንደደረሰ ደጋግሞ ሲጠይቅ ላፕቶፑን ዘግታ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ናጅዋ መናኸሪያው አጠገብ እናቷ ሱቅ ውስጥ ናት። ገና ስታያት ስልኳን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ እያውለበለበች ገጹ መጥፋቱን ነገረቻት። ወልዲያዎች ሊሸነፉ ሲሉ ያጠፉት ነው፤ በዚህ አትጠራጠርም። ሠላሳ ሰው አስመርጣ ነበር፣ አያቷን ሳይቀር።

«የሠራው ልጅ ግን ወላሂ ጎበዝ ነው» አለች ትንፋሽ ስትሰበስብ። «የዩኒቨርሲቲ ልጅ ይሆናል። እንዲህ አገር ያመሰ ወንድ ማን ይሆን?»

ፍሬሕይወት ላፕቶፑን በብብቷ አጥብቃ ያዘች። ዝርዝሩ የለም፣ ገጹ የለም፣ የተነካ ሰው የለም። ዝም ብትል ሁሉም እዚህ ያልቃል። ነብሩ የሚባል አንድ ጎበዝ ወንድ ነበረ ተብሎ ይቀራል።

«ናጁ» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ናጅዋ ሳቀች። «አንቺ ውሸታም።»

«ለምን እንደሠራሁት ስነግርሽ አትስቂም።»

ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ላፕቶፑን ከፈተችና የሻለቃ መልእክቶች ያሉበትን ስክሪን ወደ ናጅዋ አዞረችው።