ሲቱማ ይቀመጥልኝ

ልጄ ኔሊማ ሲቱማን የተዋወቀችው ሱሪው ስለተቀደደ ነው።

ቀኑ ዝናባማ ነበር። በኪሚሊሊ ገበያ በረንዳ ላይ እሷ የስፌት መኪናዋን፣ እኔ ከጎኗ የጎመንና የቲማቲም መደቤን ይዘን ተቀምጠናል። አንድ ረጅም ልጅ ከሞተር ብስክሌት ላይ ዘሎ ወርዶ ወደ እኛ ሲሮጥ የሱሪው መቀመጫ ተተረተረ። ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተለጥፎ ቀረ።

«ግድግዳው አይወድቅም፤ ልቀቀው» አለችው ኔሊማ።

«እኔ እንዳልወድቅ ነው እንጂ። እህቴ፣ ክር ይኖርሻል?»

«ክሩስ አለ። ሱሪውን ሳታወልቅ እንዴት እንደምሰፋልህ ነው የጨነቀኝ።»

ኔሊማ የፓስተሩ ሚስት ያሰፋችውን አበባ ያለበት መጋረጃ አቀበለችው። እሱን አገልድሞ ከቲማቲሜ አጠገብ ተቀመጠ። ገበያተኛው ሁሉ እያየው ይስቃል። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው ጎመን ያነሳላቸዋል፣ በኔ ንብረት ይመርቅላቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ልታከስረኝ ነው የመጣኸው?» አልኩት።

«ማማ፣ ደንበኛ እያመጣሁልዎት እኮ ነው።»

እኔ ልጄን አውቃታለሁ። ያ ስፌት ሻይ እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይፈጅም። ኔሊማ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሰፋችው። ስትጨርስ ዋጋ ቢጠይቃት አልነገረችውም። እሱም በማግስቱ የሚጠገን ሸሚዝ ይዞ መጣ። ቀጥሎ ትራስ አመጣ። የሚቀደድ ነገር ሲያልቅበት ባዶ እጁን መምጣት ጀመረ።

ሲቱማ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የአንዲት መበለት ልጅ ነው። ከከብት ሐኪሙ ጋር በየመንደሩ እየዞረ ላም መርፌ ይወጋል፤ የኔሊማንም ጊደር ወባ የመሰለ ትኩሳት ሲይዛት ያዳነው እሱ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ሆነው ቆዩ። እኔ እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ወንዙ ማዶ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ከዚያ ፖላንድ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና እንዲማር ተቀበለው። ግማሹን ክፍያ ትተውለታል። የቀረውን የመጀመሪያ ዓመት ክፍያና የአውሮፕላኑን ትኬት ግን በወር ውስጥ ካላገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እናቱ የነበሯትን ላሞች ሸጠች፤ አልበቃም። ስለዚህ አጎቱ ካኤምባ ሃራምቤ ጠሩ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለአንድ ቤት ብቻ አይተውም፤ ድንኳን ይተከላል፣ መንደሩ ይሰበሰባል፣ ያለው ያለውን ያዋጣል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ለእኔ ምግቡ ደረሰኝ። ለኔሊማ የመዘምራኑ ልብስ። የክብር እንግዳ የሚሆኑት ደግሞ የሥራ ተቋራጩ ሙሩንጋ ናቸው። ሰውየው ሀብታም ናቸው፤ እሳቸው ከመጡ ሌሎች ባለ ገንዘቦችም ተከትለው ይመጣሉ። ልጃቸው ቪቪያን ከናይሮቢ ለእረፍት መጥታ ስለነበር እሷም ኮሚቴው ውስጥ ገባች።

ጭንቀቴ የጀመረው ያኔ ነው።

ቪቪያን ጎበዝ ናት፤ አልዋሽም። መጥሪያ ካርዱን አሠራች፣ በአባቷ መኪና ሲቱማን ይዛ ከቡንጎማ እስከ ዌብዬ ሰው ስትጋብዝ ዋለች። በየሄዱበት ፎቶ እያነሳች ስልክ ላይ ትለጥፋለች። ኔሊማ የስፌት መኪናዋን አቁማ ፎቶዎቹን እያገላበጠች ታያለች።

«እማ፣ እስቲ እዪው። እጇ የት ነው ያለው?»

«የመኪናው በር ላይ ነው።»

«ሌላኛውስ?»

መነጽሬን አደረግኩ። ሌላኛው እጅ አይታይም። «ኪሷ ውስጥ ይሆናል» አልኩ።

«ያ ቀሚስ ኪስ የለውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፣ እማ።»

ከዚያ ቪቪያን ራሷ ወደ በረንዳችን መጣች። ቀይ ጨርቅ ይዛ። ፈገግታዋ ደግ ነው፤ ስለ ኔሊማና ስለ ሲቱማ ምንም እንደማታውቅ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ኔሊማ የኔ ቆንጆ፣ ለሃራምቤው ቀሚስ ስፊልኝ። በዚህ ከተማ እንዳንቺ የሚሰፋ የለም ብሎኛል።»

«ማነው ያለሽ?»

«ሲቱማ። ወገቡን አጥብቂልኝ እሺ? ቀይ ቀለም ይወዳል መሰለኝ፤ ስለብሰው ያየኛል።»

ኔሊማ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ነበር። ሜትሩን በቪቪያን ወገብ ዙሪያ ስታደርግ እጄን ጉልበቴ ላይ ጭኜ ጸሎት ጀመርኩ። ትወጋታለች ብዬ ነው። አልወጋቻትም። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን ቀዩን ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«አበላሽቼ ልስፋው እንዴ?» አለችኝ።

«እንደፈቀድሽ።»

ሰፋችው። ሲያልቅ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅላ አየችው። እንዲህ ያለ ያማረ ልብስ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። «እጄ እምቢ አለኝ» ብላ አለቀሰች።

በዚያ ሳምንት ሲቱማ ሲመጣ ቀና ብላ አላየችውም። እኔ ቲማቲም የምደረድር መስዬ አዳመጥኩ።

«ለምንድነው የማትነግራት?» አለችው።

«ብነግራት ትቀየማለች። እሷ ከተቀየመች አባቷ አይመጡም። እሳቸው ከቀሩ ፖላንድ ቀረ። እስከ ቅዳሜ ብቻ ታገሺኝ፣ ኔሊማ።»

«እስከ ቅዳሜ ደብቀኸኝ፣ ከቅዳሜ በኋላ ደግሞ ልትሄድ።»

የስፌት መኪናውን መርገጫ ረገጠችው፤ ከስሩ ጨርቅ አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ከንጋት ጀምሮ ዶሮው ያንስ ይሆን፣ የኡጋሊው ገንፎ ይቀዘቅዝ ይሆን፣ ዝናብ ድንኳኑን ይጥለው ይሆን ስል ልቤ ቁጭ አላለም። ሰዉ ግን ሞላ። ሙሩንጋ ከነጓደኞቻቸው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሲቱማ በሙሉ ልብስ፣ አንገቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ጌጥ አጥልቀውለት፣ መሃል ወንበር ላይ ነው። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ኩንዱ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ አፉ ዘይት የተቀባ።

መዋጮው እጅ በእጅ ቅርጫት ውስጥ ገባ፤ ሰዉ ሲቀዘቅዝ ኩንዱ ጨዋታውን ከፈተ። ጨዋታው የታወቀ ነው። ገንዘብ ከፍለህ የፈለግከውን ሰው ታስነሳለህ፣ ታስጨፍራለህ፤ ሌላው አስበልጦ ከከፈለ ደግሞ ያስቀምጠዋል። አማቶች ይነሳሉ፣ ፓስተሩ ሳይቀሩ ይጨፍራሉ፣ ቅርጫቱም ይሞላል።

ቪቪያን በቀዩ ቀሚስ ተነሳች። «ሺህ ሺሊንግ! ሲቱማ ተነስቶ ከኔ ጋር ይጨፍርልኝ!»

እልልታው ቀለጠ። ሲቱማ ግማሽ ተነሳ።

«ሺህ አምስት መቶ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ኔሊማ ነበረች። «ሲቱማ ይቀመጥልኝ!»

ተቀመጠ። ሰዉ ሳቀ፤ ጨዋታ መስሎታል።

«ሁለት ሺህ፣ ይነሳ!»

«ሦስት፣ ይቀመጥ!»

«ወገኖቼ!» አለ ኩንዱ እየዘለለ። «ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ጉድ አፈላች! አንቺ፣ ወንበሩን ነው ወይስ ልጁን ነው የምትገዢው?»

ሲቱማ እንደ ስፌት መርፌ ከፍ ዝቅ ይላል። ፊቱ ላብ ብቻ ሆኗል። እኔ የኔሊማን ቀሚስ ጎተትኩ። «ልጄ፣ የበረንዳው ኪራይ እኮ ነው እጅሽ ላይ ያለው።» አልሰማችኝም። ዓይኗ ቀዩ ቀሚስ ላይ ነው።

ቦርሳዋ ተራገፈ። ሙሩንጋ እየሳቁ ለልጃቸው አንድ እፍኝ ገንዘብ አቀበሏት። ቪቪያን ሄዳ እጇን ለሲቱማ ዘረጋችለት። ጣታቸው ሊነካካ ሲል ኔሊማ ጮኸች።

«ጊደሬን! ጊደሬን ሰጥቻለሁ፤ ይቀመጥልኝ!»

ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ ቃል ያመለጣት አንዲት አሮጊት ናት።

«እሰይ! ጥሎሽ ከፍላ ወንዱን ልታገባው ነው!»

ያኔ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። «ሙሽሪት ሲቱማ!» ይላል አንዱ። «ሙሽሪት አታልቅሺ፣ ባልሽ ደግ ናት!» ይላል ሌላው። በኛ ዘንድ ከብት ለጥሎሽ የሚነዳው ከወንዱ ቤት ወደ ሴቷ ቤት ነው። ከልጃገረድ በረት ወጥቶ ወደ ወንድ በረት የገባ ከብት ማንም አላየም። ኔሊማ ያለችው የገባት ያኔ ነው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ።

አጎቱ ካኤምባ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ኩንዱ፣ ያን ማጉያ ዝጋው።»

ዘጋው።

«አጎቴ፣ ተነስቼ ልናገር» አለ ሲቱማ።

«ከፍለህ ነው መነሳት!» አለ ኩንዱ፤ ልማድ ሆኖበት። ሲቱማ ኪሱን ፈትሾ አንዲት ሳንቲም አወጣ። «ጊደርን በሳንቲም ልትበልጥ?» ብለው ሳቁበት።

«ተቀምጠህ ተናገር» አሉት አጎቱ።

ተቀምጦ ተናገረ። «ኔሊማ ጨዋታ አልተጫወተችም። ከዓመት በላይ ሆኖናል። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ቪቪያን፣ ይቅር በይኝ፤ አባትሽ እንዳይቀሩ ፈርቼ ነው።»

ሙሩንጋ ሳቃቸውን አቆሙ። ኮታቸውን አነሱ፤ ጓደኞቻቸውም ተነሱ። የሲቱማ እናት ወንበሯ ላይ ስትኮማተር አየኋት። እሳቸው ከወጡ የልጁ ትምህርት አብሮ ወጣ ማለት ነው።

ቪቪያን ግን አልተንቀሳቀሰችም። ኔሊማን ትኩር ብላ አየቻት።

«ይሄን ቀሚስ የሰፋሽልኝ እያወቅሽ ነው?»

«እያወቅኩ።»

«እንዲህ አሳምረሽ?»

«እንዲህ አሳምሬ።»

ቪቪያን አባቷ የሰጧትን ገንዘብ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። «እኔ ጊደር የለኝም» አለች። «ይቀመጥ። አባዬ፣ አንተም ተቀመጥ።»

ሙሩንጋ ልጃቸውን አዩ፣ ሰዉን አዩ፤ ተቀመጡ።

ካኤምባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጊደሯ በረታችን አትገባም፤ ነውር ነው። የክብር እንግዳችን በጨረታ ይግዟት፣ ገንዘቡ ለልጁ ይሁን። ነገር ግን ሁላችሁም ስሙ፦ ለኔሊማ እናት ቤት ከብት አለብን። ከብት ደግሞ ብቻውን መንገድ አያውቅም፤ ሽማግሌ ነው ይዞት የሚሄደው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ኔሊማ እጇን ከፊቷ ላይ አላነሳችም። ሲቱማ አሁንም እንደተቀመጠ ነው።

ገንዘቡ ሞላ፤ ትኬቱ ተቆረጠ። ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ካኤምባና ሁለት ሽማግሌዎች ከዘመድ የተዋሷትን ቡላ ላም እየነዱ በራችን ላይ ቆሙ። ሲቱማ ከኋላ ነው። የኔሊማ አባት በሕይወት የለም፤ በሩን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ።

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ቀረ። ልጄን ወደ ጎን ወሰድኳት።

«ኔሊማ፣ ትምህርቱ ረጅም ነው። ይህችን ላም ከተቀበልን ታስረሽ ቀረሽ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ስንት ሴት አለ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«በአንዲት ቪቪያን እንዲያ የሆንሽ፣ አገር ሙሉ ሴት እንዴት ልትችይ ነው?»

በአጥሩ በኩል አየችው። እሱም ያያታል። ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር የሚያዩ መሰሉ።

«አልችልም» አለች። «በእያንዳንዷ እቀናለሁ። አውቶቡስ ላይ አጠገቡ በምትቀመጠው ሁሉ እቀናለሁ። እሱን ረስቼ በሰላም ከምኖር ግን እየቀናሁ ልኑር። ክፈቺላቸው፣ እማ።»

መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ላሟ ግን አልገባም አለች። ሽማግሌዎቹ ይጎትታሉ፣ ካኤምባ ይሳደባሉ። ሲቱማ ለጉዞው የተገዛለትን አዲስ ጫማ እንዳደረገ ከኋላ ሆኖ መግፋት ጀመረ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ኧረ ጫማህን! ነገ የምትሄድበትን!» ብዬ ጮህኩ። ጨርቅ ፍለጋ ወደ ቤት ልሮጥ ስል ኔሊማ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው፣ እማ» አለች፤ ጮክ ብላ፣ እሱ እንዲሰማ። «እዚያ ደርሶ ሲያጥበው የማን ደጅ ጭቃ እንደሆነ ያስታውሰው።»