አንደኛ የወጣችው

«ወንድምሽ የት ነው?»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ምናለ ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ደብዳቤው ላይ ግን አላሳረፈውም። የሻረግ ዓይኗን ከማኅተሙ ላይ መንቀል አቃታት። የድጋፍ ደብዳቤዋ ላይ ቢመታላት ከሰዓት በኋላ የደሴን መንገድ ትይዛለች።

ሲስተር አልጣሽ ከደሴ የመጡት ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆችን በየቀበሌው እየዞሩ ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ይመለምላሉ። ላሊበላ ላይ ሃያ ስድስት ልጆች ፈትነው ዛሬ ጠዋት አራቱን ብቻ ለብቻቸው ጠሩ። አንደኛ የወጣችው የሻረግ ነበረች። «አንቺን የመሰለች ልጅማ እዚህ አትቀርም!» ብለው ትከሻዋን ያዝ ሲያደርጓት መሬት የረገጠች አልመሰላትም።

«አላውቅም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች።

«ታውቂያለሽ። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ከተጠራ ወር አለፈው። የኮብላይ እህት ደግፌ ልላክ? ያለበትን ንገሪኝና አሁኑኑ ልምታልሽ።»

ወንድሟ ከፋለ ብልባላ ባለው አጎታቸው ቤት ተደብቋል። ስንቅ ያደረሰችለት ራሷ ናት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። አምና ከሰፈራቸው የተወሰዱት ልጆች ትዝ አሏት፤ እስካሁን ከአንዳቸውም ደብዳቤ አልመጣም።

«አላውቅም» አለች ደግማ።

ማኅተሙ ወደ መሳቢያው ተመለሰ።

ደጅ ላይ አብራት ያለፈችው ጓደኛዋ አመተ ማርያም ትጠብቃት ነበር። «መታልሽ?»

«ከፋለን አምጪ አለኝ።»

«ንገሪው በቃ! ዛሬ ባይይዙት ነገ ይይዙታል። አንቺ ለምን ትቃጠያለሽ?»

የሻረግ ሲስተር አልጣሽ ወዳሉበት መራመድ ጀመረች። ጓደኛዋ ያለችው እውነት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች።

ሲስተር አልጣሽ ላንድሮቨር መኪናቸው አጠገብ ቆመው ሰሟት። «ያለ ማኅተም ብወስድሽ ከደሴ ይመልሱሻል፣ ልጄ።»

«ለሚመጣው ዓመትስ?»

«እመጣለሁ» አሉ፤ ፊቷን ግን አላዩም። ስሟን ሰርዘው አምስተኛ የወጣውን ልጅ ስም ጻፉ።

መኪናው አመተ ማርያምን ይዞ ወደ ጋሸና ሲወጣ የሻረግ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ አሰለች ደጃፉ ላይ ገብስ ትለቅማለች። ልጇ እንደምታልፍ ስላልተጠራጠረች ልብሷን ቋጥራ አጠገቧ አስቀምጣዋለች።

«መኪናው መቼ ነው?»

የሻረግ መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። እናቷ እውነቱን ካወቀች ወደ ከፋለ መላኳ አይቀርም። ትምህርት ቤት ትግባ ብሎ አባታቸውን የለመነው ከፋለ ነው። ይህን ቢሰማ ውሎ አያድርም፤ በገዛ እግሩ መጥቶ እጁን ይሰጣል።

«ወደቅሁ፣ እማዬ» አለች።

«አንቺ? ምኑ ከበደሽ?»

«ሒሳቡ።»

የአሰለች እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ቋጠሮውን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጧል። «ከሙጃ ለልጃቸው የጠየቁሽ ሰዎች መልስ እየጠበቁ ነው። እንግዲህ ምን ልበላቸው?»

የሻረግ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እስከ ፋሲካ ይታገሱ በያቸው» አለችና ከገብሱ ውስጥ ጠጠር መልቀም ጀመረች።