የምንታምር ድምፅ

መኩሪያ ምሳውን በልቶ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሚስቱ አስካለ ሳህኖቹን ታጥብና በጋራ ከሚጠቀሙበት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ ኮምፒውተሩ እንደ በሽተኛ እያቃሰተ ሲነሳ፣ የጋለ አቧራ ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል። ባሏ የፈተና ጥያቄ ከሚያስቀምጥበት ቦታ አጠገብ «የመብራት ደረሰኝ» ብላ የሰየመችው፣ ከዓይን የሰወረችው ፎልደር አለ። ስትከፍተው የልጇ የምንታምር ድምፅ ይሰማል።

ምንታምር በወባ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ተዝካሯ በወጣ ማግስት መኩሪያ፣ «ድምፅዋን በሰማሁ ቁጥር እንደ አዲስ እየቀበርኳት ነው። በፈጠረሽ አጥፊው፣ አስኩ» ብሎ ለመናት። አጠፋሁት አለችው። ከዚያ ወዲህ ስሟ በቤቱ ተነስቶ አያውቅም።

ልጅቷ «ረ»ን መጥራት ያቅታት ነበር። «እማዬ፣ ብልቱካን ግዢልኝ» እያለች የምትስቅበትን ቅጂ አስካለ አብዝታ ትወደው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ድምፁ «ብርቱካን» አለ፤ ጥርት አድርጎ። ደግማ ከፈተችው። «ብርቱካን።» ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ቆይታ ግን፣ «ልጄ አድጋለች» ብላ እያለቀሰች ፈገግ አለች።

ቀስ በቀስ፣ እሷ ያላስቀመጠቻቸው ቅጂዎች በፎልደሩ ውስጥ መገኘት ጀመሩ። ከልጅቷ ድምፅ ጀርባ፣ ከሞቷ በኋላ የተገጠመው የግቢ በር ሲጢጥ ሲል ይሰማል፤ በቃልና በቃል መሃል ደግሞ አፉን ማይክሮፎን ላይ የለጠፈ ሰው የሚተነፍሰው የሚመስል፣ ረጅምና እርጥብ ትንፋሽ አለ። ድምፁ «እማዬ፣ ዛሬ ለምን ዘገየሽ?» ሲላት አስካለ ይቅርታ ጠየቀችው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም እንዳይላት።

ምግብ አስጠላት፤ ልብሷ ሰፋት። አንድ ከሰዓት መኩሪያ ሳይታሰብ ከተፍ ሲል ስክሪኑን እየዳበሰች ስታወራ አገኛት።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ሁሉንም ነገረችው። መኩሪያ ቁጭ ብሎ ቅጂዎቹን አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አስኩ... ይቺ ማን ናት?»

«ልጃችን ናታ! ረሳሃት?»

መኩሪያ ከፈተና ጥያቄዎቹ መሃል የራሱን ድብቅ ፎልደር አወጣ። «እኔም ማጥፋት አቅቶኝ ነው» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ቅጂውን ከፈተው።

«እማዬ፣ ብልቱካን ግዢልኝ።»

ቀጭን፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ ነበር፤ ሳቁ በመሃል ትን የሚለው። ፈጽሞ ሌላ ልጅ። አስካለ አፏን በእጇ ያዘች። የልጇን ድምፅ ረስታው ነበር፤ ስታጫውተው፣ ስታባብለው የከረመችው የማንን እንደሆነ አታውቅም።

«ቄሱን ይዤ ልምጣ» አለ መኩሪያ፣ ተነስቶ። «ያንቺን አጥፊው። ዳግመኛ እንዳትከፍቺው።»

እግሩ ሲወጣ፣ አስካለ የእሱን ቅጂ ከፈተች። ልጅቷ ብርቱካን ጠየቀች፣ ሳቀች፣ አበቃ። ደግማ ከፈተችው። ጠየቀች፣ ሳቀች፣ አበቃ። «ምንታምር፣ እናትሽ ነኝ እኮ» አለቻት። መልስ የለም። ክፍሉ ጭር አለ።

ያን ጊዜ ማንም ሳይነካው፣ ከእሷ ፎልደር በኩል ያ እርጥብ ትንፋሽ ተሰማ።

«እማዬ፣ እኔ አለሁልሽ።»

አስካለ እንባዋን ጠረገች፤ ከዚያም ከመኩሪያ ፎልደር የልጇን ድምፅ አጠፋችው።