ቆቅ ያላየችው ቦርሳ

«ሴትዮዋ ይዛው የወጣችው ቦርሳ ቀለሙ ምን ነበር?» አለች አክስቷ እስክሪብቶዋን ደግና።

«ቀይ።»

ቆቅ ለማሰብ እንኳ አልዘገየችም። የክፍሏ ልጆች ቆቅ ያሏት ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም ብለው ነው፤ እሷም ስሙን ሳትወደው አልቀረችም።

አክስቷ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ናት። አእምሮ ያየውን እንዴት እንደሚያስታውስ ታጠናለች። ዛሬ ጠዋት፣ ቆቅ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ የሙከራ ክፍሏ አስቀምጣ የአንድ ደቂቃ ፊልም አሳይታታለች። አሁን ደግማ ከፈተችው። ሴትዮዋ ከሱቁ ስትወጣ እጇ ባዶ ነበር።

«ፊልሙን ቀይረሽዋል» አለች ቆቅ።

«ያው ነው፣ የኔ ቆንጆ። ቦርሳውን ያስያዝኳት እኔ ነኝ፣ በጥያቄዬ። ቀለሙን ደግሞ አንቺ ቀባሽው። አይዞሽ፣ ከአርባ ሰው ሃያ ስድስቱ ቦርሳ አይቷል።»

ቆቅ ግን ክው አለች።

ሐሙስ ዕለት የሒሳብ መምህሯ ስልክ ጠፋ። የክፍል አለቃዋ፣ የልብ ጓደኛዋ፣ «ዝምተኛዋ ስልኩን ከመሳቢያው ስታወጣ አላየሻትም እንዴ?» አለቻት። ቆቅ ያየችው ያቺ ዝምተኛዋ የሚሏት፣ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ የመምህሯ ጠረጴዛ ጋ ጎንበስ ስትል ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እስክትደርስ ግን ስልኩ ከነጥቁር ሽፋኑ በልጅቷ እጅ ወለል ብሎ ታያት። ተናገረች። ዝምተኛዋ ታገደች። ዛሬ ከሰዓት ቆቅ ቃሏን በእናቲቱ ፊት ከደገመችው ልጅቷ ትባረራለች።

«አክስቴ፣ አንዴ አእምሮ ውስጥ የገባ ነገር እንዴት ነው የሚወጣው?»

«አይወጣም። ሃያ ዓመት ያጠናሁትን እኔንም አይምረኝ።»

ቆቅ ዓይኗን ጨፍና ዝምተኛዋን ባዶ እጇን ለማየት ታገለች። ስልኩ ከልጅቷ እጅ አልወርድ አለ። አየሁ ብትል የሰው ልጅ ታስባርራለች፤ አላየሁም ብትል ይኸው ይታያታል። ደግሞስ ከዚያ በኋላ ማን ቆቅ ይላታል? አለቃዋስ ታናግራታለች? በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ክፍሉ ጠበባት።

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትደርስ አለቃዋ በሩ ላይ ጠብቃ «ያው እንዳልሽው በያ፣ አትፍሪ» አለቻት በሹክሹክታ። የዝምተኛዋ እናት የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጥታለች። ልጅቷ አጠገቧ አቀርቅራ ተቀምጣለች።

«በይ እንግዲህ፣ ያየሽውን ንገሪን» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ቆቅ ዝምተኛዋን አየቻት። ስልኩ አሁንም እዚያው፣ ዝምተኛዋ እጅ ላይ አለ።

«ያየሁትን ከመናገሬ በፊት» አለች ቀስ ብላ፣ «የክፍል አለቃችን ሐሙስ ዕለት የጠየቀችኝን ልንገርዎት።»